ቀለሙን አትመኑ፦ የአሮጌ ድሪል ሽቦና የመሬት መስመር

እ.ኤ.አ. በ1895 የጀርመኑ ፌን ኩባንያ ሽቱትጋርት ውስጥ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ድሪል ሠራ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የድሪልና የግራይንደር አካል ብረት ወይም አሉሚኒየም ነበር። ሞተራቸው ዛሬም የሚሽከረከር ብዙ ናቸው፤ ቀድሞ የሚያረጀው በሽቦው ላይ ያለው ጎማ ነው። ጎማው ደርቆ ሲረግፍ የተራቆተው ሽቦ አካሉን ይነካል፤ ማሽኑም ሥራውን ሳያቋርጥ 220 ቮልት ተሸክሞ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው ፊውዙን ይተማመናል። ፊውዝ ግን ሽቦን ከቃጠሎ እንጂ ሰውን ከንዝረት አያድንም። በሰው ገላ አልፎ ወደ መሬት የሚወርደው ከረንት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ነው፤ 10 አምፔር ፊውዝ አይሰማውም፣ ልብን ግን ያቆማል። የመሬት ሽቦ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) አካሉን እንደነካ ለከረንቱ ቀላል መንገድ ይከፍትለታል፤ በአንዴ ብዙ ከረንት ይጎርፍና ብሬከሩ ይወድቃል።

አሮጌ ማሽን የሚፈታ ሰው ከሁሉ በፊት ቀለሙን ይጠርጥር። ዛሬ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ነው። በድሮው የእንግሊዝ ማሽን ቀዩ ፌዝ ነበር፤ በድሮው የጀርመን ማሽን ግን ቀዩ የመሬት ሽቦ ነው! የእንግሊዙን የለመደ እጅ የጀርመኑን ቀይ ሽቦ ከፌዝ ጋር ቢያገናኘው አካሉን በሙሉ ገዳይ ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በመልቲሜትር ይፈተሻል።

ያረጀው ገመድ ሲቀየር አዲሱ ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን። የመሬቱ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይጸዳል፤ ሽቦውም ለብቻው በተመደበለት ቡሎን ይጠብቃል። በወንዴው ሶኬት ውስጥ ይህ ሽቦ ከሌሎቹ ረዘም ይበል፤ ገመዱ ተጎትቶ ቢመዘዝ መጨረሻ የሚላቀቀው እሱ መሆን አለበት። ከአካሉ እስከ ሶኬቱ የመሬት ጫፍ ሲለካ ከ1 ኦም በላይ ካሳየ እስሩ እንደገና ይሠራ። የሽቦዎቹ ልባስ ደግሞ በ500 ቮልት መገር (የልባስ መለኪያ) ተፈትሾ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ማሽኑ አይሰካም።

የመሬት መስመር ሲጠፋ ኒውትራሉን ከአካሉ ጋር የሚያጣብቁ አሉ። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ክብ ሁለት እግር ያለው ሶኬት ተገልብጦም ይገባል፤ ያን ጊዜ ኒውትራል የነበረው ፌዝ ይሆናል፣ አካሉም አብሮት።

ባለ ሦስት ሽቦ ገመድም ቢሆን ግድግዳው ውስጥ የመሬት መስመር ከሌለ ከንቱ ነው፤ ያውም ጥበቃ ያለ እያስመሰለ። ባለሙያ ጠርታችሁ መስመሩን አስፈትሹ፣ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲም አስገጥሙ። አርሲዲ በፌዝ የሄደውን ከረንት በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ያመሳክራል፤ የጎደለው ወደ መሬት እየፈሰሰ መሆኑን ሲያውቅ መስመሩን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል።