በኬላ የሚባክነው ጊዜ ከገበሬው ኪስ ይወጣል

ከምዕራብ ሸዋና ከወለጋ የሚመጣ እህል ወደ አዲስ አበባ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ አስኮ ነው። ከነቀምት፣ ከአምቦ፣ ከጊንጪና ከሆለታ የተነሣ የጭነት መኪና በቡራዩ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። ጤፉ፣ በቆሎውና ድንቹ አስኮ እስኪደርስ በየመንገዱ የሚፈተሽበት እያንዳንዱ ኬላ የራሱን ወጪ ያስከትላል። ይህን ወጪ በመጨረሻ የሚሸከመው ማን እንደሆነ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚገባ ሊገነዘቡት ይገባል።

ኬላ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ገበሬው በኮታ የተመደበበትን እህል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ይደረግ ነበር። ነጋዴው እህል ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ፈቃድ ማሳየት ነበረበት፤ ከገዛውም ከፊሉን ለኮርፖሬሽኑ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ትርፍ አምራች በሆኑት በጎጃምና በአርሲ የግል የእህል ንግድ እስከ መታገድ ደርሷል። በዚህም የተነሣ እህል በተረፈበት አገር ዋጋው ወደቀ፤ እህል ባጠረበት አገር ደግሞ ናረ። ኮታውና የዝውውር ክልከላው በ1982 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ግን በትርፍ አምራች አካባቢዎች ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ከፍ አለ፤ በገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ለምሳሌ 100 ኩንታል የጫነ መኪና በመንገድ ላይ በመቆሙ ለውሎ አበል፣ ለኪራይና ለልዩ ልዩ ክፍያ 5,000 ብር ቢያወጣ፣ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 50 ብር ያርፍበታል። ነጋዴው በከተማ የሚሸጥበትን ዋጋ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከዚህ 50 ብር አብዛኛውን ከሚገዛበት ዋጋ ላይ ይቀንሳል። የቀረውን በሸማቹ ላይ ሊጨምር ቢችልም፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለግብር ገንዘብ የቸኮለው ገበሬ የመከራከር አቅም ስለሌለው የበለጠውን የሚሸከመው እሱ ነው። 10 ኩንታል የሸጠ ገበሬ እስከ 500 ብር ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ድንች፣ ቲማቲምና ወተት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ያደረ ወተት ይበላሻልና።

ይህ ሲባል ቁጥጥር ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከአገራችን በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ ምርመራዋን አጠበቀች፤ ወደዚያ የሚላከው ቡናም በእጅጉ ቀነሰ። በወቅቱ ምክንያት ነው ተብሎ ከተጠረጠረው አንዱ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። ከዚህ የምንማረው ጤናን የሚጠብቅ ምርመራ አስፈላጊ መሆኑን፣ ነገር ግን ጥንቃቄው ከመነሻው ቢደረግ ወጪው አነስተኛ እንደሚሆን ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተመረመረን እህል በየኬላው ማራገፍ ግን ለገበሬውም ለሸማቹም አይጠቅምም።

ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ እህሉ በሚገባ ደርቆ፣ ከድንጋይና ከአፈር ተበጥሮ፣ በንጹሕ ጆንያ ተሞልቶ በሚዛን እንዲረጋገጥ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ገበሬው በተናጠል ከሚሸጥ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አማካይነት በአንድነት እንዲሸጥና የጭነቱ ሰነድ ከመነሻው ተሟልቶ እንዲሄድ ማድረግ። ሦስተኛ፣ በየኬላው ለሚከፈል ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ እንዲጠየቅ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓትም በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ። እንዲህ ያለው መዝገብ ለወረዳውና ለሚመለከተው አካል ሲቀርብ፣ አቤቱታው በቃል ብቻ ከሚሰማ ሮሮ ይልቅ ተቀባይነት ይኖረዋል።

ገበሬው ከበሬው ኋላ ክረምቱን ሙሉ የደከመበት ምርት ዋጋው የሚወሰነው በአውድማ ብቻ አይደለም፤ በመንገድም ጭምር ነው። መንገዱን የማይከታተል ማኅበር ከአውድማ ያገኘውን በመንገድ ያጣል።