የነርሲንግ ተማሪዎች የትምህርት ደረጃ፣ ከዓመት ወደ ዓመት መሸጋገሪያና የመመረቂያ መስፈርቶች

በቦረና ወረዳ መዲና በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች 12ኛ ክፍልን አጠናቀው የነርስነትን ሙያ የሚመርጡ ወጣቶች በርካታ ናቸው። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ተጉዘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይማራሉ፤ ሌሎቹ በምደባ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት በመሆኑ በቅርብ መማር የሚፈልግ አመልካች ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት የሚፈልገው የትምህርት ክፍል በዚያ ዓመት የምደባ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሊያረጋግጥ ይገባል።

ወደ ተቋሙ መግባት የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ተማሪው እስኪመረቅና የሙያ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በየደረጃው የሚጠበቁበት መስፈርቶች አሉ። እነዚህን መስፈርቶች አስቀድሞ አለማወቅ በርካታ ተማሪዎችን ለማይገባ ኪሳራ ይዳርጋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ተማሪዎችና ወላጆች መብታቸውንና ግዴታቸውን በግልጽ እንዲያውቁ ነው።

መስፈርቱ ለምን ጥብቅ ሆነ?

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ሐኪም በአጠገቡ ሳይኖር የታማሚን ሁኔታ ገምግሞ መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ወይም ወደ ሆስፒታል እንዲላክ የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ ቢታዘዝ ትክክለኛው መጠን 180 ሚሊ ግራም ነው። በስሌቱ ላይ አንድ ዜሮ ቢጨመር መጠኑ 1,800 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ለሕፃኑ ጉበት አደገኛ ነው። በመሆኑም በነርሲንግ ትምህርት አንድን መሠረታዊ ኮርስ በደካማ ውጤት ማለፍ በሌላ ኮርስ ጥሩ ውጤት ብቻ የሚካካስ ተደርጎ አይታይም።

የውጤት አሰጣጥና የአማካይ ነጥብ ስሌት

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚተዳደሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ሲሆን፣ ዝርዝሩን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔት ሕጉ ይወስናል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት በሚሠራበት የውጤት አሰጣጥ መሠረት ከ100 የተገኘው ውጤት እንደሚከተለው ወደ ፊደልና ወደ ነጥብ ይቀየራል።

85 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ኤ ወይም ኤ ፕላስ፣ 4.00 ነጥብ፤
ከ80 እስከ 85 በታች ኤ ማይነስ፣ 3.75፤
ከ75 እስከ 80 በታች ቢ ፕላስ፣ 3.50፤
ከ70 እስከ 75 በታች ቢ፣ 3.00፤
ከ65 እስከ 70 በታች ቢ ማይነስ፣ 2.75፤
ከ60 እስከ 65 በታች ሲ ፕላስ፣ 2.50፤
ከ50 እስከ 60 በታች ሲ፣ 2.00፤
ከ45 እስከ 50 በታች ሲ ማይነስ፣ 1.75፤
ከ40 እስከ 45 በታች ዲ፣ 1.00፤
ከ40 በታች ኤፍ ኤክስ ወይም ኤፍ፣ ነጥብ የሌለው።

አማካይ ነጥብ የሚሰላው የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በኮርሱ ክሬዲት ተባዝቶ፣ ድምሩ ለጠቅላላ ክሬዲት ተካፍሎ ነው። አንድ ተማሪ በሥነ አካል ትምህርት 6 ክሬዲት ሲ፣ በፊዚዮሎጂ 5 ክሬዲት ሲ ፕላስ፣ በመሠረታዊ የነርሲንግ ክህሎት 7 ክሬዲት ቢ፣ በማይክሮባዮሎጂ 4 ክሬዲት ዲ አግኝቷል እንበል። ስሌቱ 12 ሲደመር 12.5 ሲደመር 21 ሲደመር 4፣ በድምሩ 49.5 ይሆናል፤ ይህም ለ22 ክሬዲት ሲካፈል 2.25 ነው።

ይህ ተማሪ አማካዩ ከ2.00 በላይ በመሆኑ አልፏል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሆኖም በጤና ትምህርት ክፍሎች የሙያ ኮርሶችን ለማለፍ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሲ ስለሚጠየቅ፣ በዲ የተጠናቀቀውን ኮርስ እንደገና እንዲወስድ ሊገደድ ይችላል። ያልታለፈው ኮርስ ለቀጣይ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን መመዝገብ አይቻልም። በዚህም ምክንያት አማካዩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን የኮርስ ውጤት መከታተል ያስፈልጋል።

ኤፍ ኤክስ ያገኘ ተማሪ በአብዛኛው የድጋሚ ፈተና ዕድል የሚሰጠው ሲሆን፣ ኤፍ ያገኘ ግን ኮርሱን ከመጀመሪያው መድገም ይኖርበታል። የድጋሚ ፈተና የሚሰጥበት ጊዜ አጭር በመሆኑ የሬጅስትራርን ማስታወቂያ በወቅቱ መመልከት ያሻል።

ማስጠንቀቂያ፣ ስንብትና ዳግም ቅበላ

አማካይ ነጥቡ ከተወሰነው ወለል በታች የሆነ ተማሪ እንደ ውጤቱ ዝቅታ በአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ እንዲቀጥል ይደረጋል ወይም በአካዳሚክ ስንብት ከትምህርት ገበታው ይወጣል። ለመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት የሚቀመጠው ወለል በብዙ ተቋማት ከኋለኞቹ ዓመታት ዝቅ ያለ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ተማሪው በገባበት ዘመን በሚሠራው የሴኔት ሕግ ስለሚወሰን፣ ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከሬጅስትራር ጠይቆ መያዝ ይኖርበታል።

ማስጠንቀቂያ ቅጣት ሳይሆን የማስተካከያ ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተማሪ የአካዳሚክ አማካሪውን አነጋግሮ የሚመዘገብባቸውን ኮርሶች ቁጥር ሊቀንስና የማጠናከሪያ ትምህርት ሊጠይቅ ይችላል። የተሰናበተ ተማሪም ሁልጊዜ በሩ አይዘጋበትም፤ የሴኔት ሕጉ በሚፈቅደው ነጥብ ላይ ከሆነ በወቅቱ አመልክቶ ዳግም ሊቀበሉት ይችላሉ።

ትምህርት ማቋረጥ የሚገደድ ተማሪ

በሕመም፣ በወሊድ፣ በቤተሰብ ችግር ወይም በጸጥታ ምክንያት ትምህርት የሚያቋርጡ ተማሪዎች አሉ። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የመማር ማስተማር ሥራ ተቋርጦ ነበር። ተቋሙ ራሱ ትምህርት ሲያቋርጥ የማካካሻ መርሐ ግብር ያወጣል። ተማሪው በግል ምክንያት ሲያቋርጥ ግን ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

በዚህ ረገድ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው ሳያስታውቁ ወደ ቤት መመለስ ነው። የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ፣ ንብረት አስረክቦና ክሊራንስ ወስዶ የወጣ ተማሪ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ ዳግም ቅበላ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው። ምንም ሳይናገር የቀረ ተማሪ ግን ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊመዘገቡበትና የመመለስ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም ልጃቸው ታሞ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ሌላ ወረዳ የተመለሰባቸው ወላጆች በመጀመሪያ የሕክምና ማስረጃ ከጤና ተቋም ወስደው፣ ተማሪው ራሱ ወይም ተቋሙ የሚቀበለው ወኪል ለሬጅስትራር በጽሑፍ እንዲያመለክት ማድረግ ይገባቸዋል።

የተግባር ልምምድ

የነርሲንግ ተማሪ ከክፍል ትምህርት ጎን ለጎን በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የተግባር ልምምድ ያደርጋል። በልምምዱ የሚመዘነው በጽሑፍ ፈተና ብቻ ሳይሆን በሥነ ምግባር፣ በታማሚ አያያዝ፣ በመዝገብ አያያዝና በየጣቢያው በሚሰጥ የክህሎት ፈተና ጭምር ነው። የልምምድ መከታተያ መዝገቡ በተቆጣጣሪ ፊርማ ካልተረጋገጠ ተማሪው ሥራውን እንደሠራ አይቆጠርለትም። በልምምድ ላይ የሚፈቀደው ቀሪ ከክፍል ትምህርቱ ያነሰ ሲሆን፣ የቀረበትን ቀን እንዲያካክስ ይጠየቃል። የልምምድ ኮርስ ውጤት የወደቀበት ተማሪ በንድፈ ሐሳብ ያገኘው ከፍተኛ ነጥብ አያሳልፈውም።

የመውጫ ፈተናና የሙያ ብቃት ምዘና

በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ነጥብ ቢያንስ 2.00 መሆን፣ ኤፍ ያለበት ኮርስ አለመኖርና የትምህርት ክፍሉ ያስቀመጣቸው ኮርሶች በሙሉ መጠናቀቅ አለባቸው። ከዚህ በተጨማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት ለሚማሩ ተማሪዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይሰጣል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪው አይሰጠውም፤ ሆኖም በቀጣይ ዙሮች በድጋሚ መፈተን ይችላል።

የመውጫ ፈተና ማለፍና የሙያ ፈቃድ ማግኘት አንድ አይደሉም። ተመራቂው በነርስነት ለመሥራት በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና አልፎ፣ በክልሉ ጤና ቢሮ ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ሊወስድ ይገባል። ፈቃዱም በየጊዜው የሚታደሰው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱ ሲረጋገጥ ነው።

በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በቴክኒክና ሙያ ደረጃ የሚማሩ ሠልጣኞች የሚመዘኑት በሌላ ሥርዓት ነው። እነርሱ በእያንዳንዱ የብቃት ክፍል «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ያገኛሉ፤ ሥልጠናውን ሲያጠናቅቁም የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳሉ። ብቁ ያልሆነ ሠልጣኝ ክፍተቱን ሞልቶ በድጋሚ መመዘን ይችላል።

ቅሬታ የማቅረብ መብት

በውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ ውጤቱ ይፋ ከሆነ በኋላ በሴኔት ሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በመጀመሪያ ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ መልሱ ካላረካው ለኮሌጁ ዲን በጽሑፍ ያመለክታል። የፈተና ወረቀቱ ዳግም እንዲታረምም ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ ተቀባይነት ላያገኝ ስለሚችል፣ ማመልከቻው ገቢ የተደረገበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅ መያዝ አለበት። በተቋሙ ውስጥ ያሉትን ደረጃዎች ጨርሶ የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ዜጋ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ተማሪዎች ሊይዟቸው የሚገቡ ሰነዶች

ተማሪው የመጀመሪያ ምዝገባ ወረቀት፣ በየወሰነ ትምህርቱ የሚሰጥ የውጤት መግለጫ፣ የወጪ መጋራት ውል ቅጂ፣ የተፈረመበት የልምምድ መዝገብ፣ የማስጠንቀቂያ ወይም የማቋረጫ ደብዳቤዎች ካሉ እነዚህን በአንድ ማኅደር ሊያስቀምጥ ይገባል። ርቀው ለሚማሩ ልጆች ወላጆች የሰነዶቹን ቅጂ በቤት ማኖራቸው ይመከራል፤ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ሲባል ብቻ ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ከመመላለስ ያድናልና።