ቤንዚን ሁሉ አንድ አይደለም፦ ለመኪናዎ፣ ለባጃጅዎ እና ለውኃ መሳቢያዎ የሚስማማውን ነዳጅ እንዴት ይለያሉ?

ባሕር ዳር፦ በፋሲሎ ክፍለ ከተማም ኾነ በሌሎች የባሕር ዳር አካባቢዎች የነዳጅ እጥረት በሚያጋጥምበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው በማደያዎች በር ላይ የተሰለፉ ባጃጆች፣ ሞተር ብስክሌቶች እና መኪናዎች ናቸው። ሁለተኛው በየመንገዱ ዳር በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ተሞልቶ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ቤንዚን ነው። ተሰልፎ መዋል ያልቻለ አሽከርካሪ፣ ሽንኩርቱ ውኃ የጠማው አርሶ አደር ከመንገድ ዳር ይገዛል። ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውን እንጂ ጥራቱን አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ይመለከታል፤ የቤንዚን ጥራት ምን ማለት ነው? የትኛው ቤንዚንስ ለየትኛው ሞተር ይስማማል?

ኦክቴን ምንድን ነው?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየር እና ነዳጅ ተቀላቅለው ወደ ሲሊንደር ይገባሉ። ፒስተኑ ድብልቁን ያምቀዋል፤ ከዚያም ካንዴላው በሚሰጠው ብልጭታ ይቀጣጠላል። ጤነኛ በኾነ ሞተር እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በሥርዓት እየተስፋፋ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ነገር ግን የታመቀ ድብልቅ ይሞቃል። ነዳጁ ሙቀቱን እና ግፊቱን መቋቋም ካልቻለ፣ እሳቱ ያልደረሰበት ክፍል በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ ከሞተሩ ብረት በብረት እንደሚመታ ያለ የማንኳኳት ድምጽ ይሰማል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተኑን፣ ቀለበቶቹን እና የሲሊንደር ጋርኒሲዮኑን ሊጎዳ ይችላል።

ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ነዳጁ ይህን ያለጊዜው መፈንዳት የሚቋቋምበትን አቅም ይለካል። መለኪያው ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን መነሻ ያደርጋል። አይሶ-ኦክቴን የተባለው ማንኳኳትን በደንብ ስለሚቋቋም 100 ተሰጥቶታል፤ ሄፕቴን የተባለው በቀላሉ ስለሚፈነዳ 0 ተሰጥቶታል። 91 ኦክቴን የተባለ ቤንዚን ማንኳኳትን የሚቋቋመው 91 በመቶ አይሶ-ኦክቴን እና 9 በመቶ ሄፕቴን የያዘ ድብልቅ የሚቋቋመውን ያህል ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ኦክቴን የነዳጁ ጉልበት መጠን አይደለም። ለ91 የተሠራ ሞተር 95 ወይም 98 ቢቀዳለት ጉልበቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የባለቤቱ ወጪ ነው። ለ95 የተሠራ ሞተር ዝቅተኛ ኦክቴን ሲሰጠው ግን ይጎዳል ወይም አቅሙ ይቀንሳል።

ቁጥሩን ሲያነቡ የሚገጥም ስህተት

የሚያስፈልገው ኦክቴን በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በነዳጅ መክደኛው ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ቁጥር እና የሌላው ዓለም ቁጥር አንድ አይደሉም። በአውሮፓ፣ በእስያ እና በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት "አር ኦ ኤን" የተባለው ልኬት ነው። በአሜሪካ ግን የሁለት ልኬቶች አማካይ ስለሚወሰድ ቁጥሩ ከ4 እስከ 5 ያህል ዝቅ ይላል። ስለኾነም ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መኪና ላይ የተጻፈ 87፣ በሌላው ልኬት 91 አካባቢ ማለት ነው።

የተሽከርካሪው የትውልድ ሀገርም ፍንጭ ይሰጣል። በጃፓን መደበኛ ቤንዚን ቢያንስ 89፣ ከፍተኛው ደግሞ ቢያንስ 96 "አር ኦ ኤን" ነው። በከተማችን በብዛት የሚታዩት እንደ ቪትዝ እና ኮሮላ ያሉ የጃፓን የቤት መኪናዎች በአብዛኛው ለመደበኛው የተሠሩ ናቸው። በሕንድም መደበኛው ቤንዚን ለረጅም ጊዜ 91 ኾኖ ስለቆየ ከዚያ የመጡት ባጃጆች እና ሞተር ብስክሌቶች ከፍተኛ ኦክቴን አይሹም። ለመስኖ የሚያገለግሉ ትንንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮችም በአብዛኛው 91 ይበቃቸዋል። ተርቦ የተገጠመላቸው እና ከፍተኛ እመቃ ያላቸው የአውሮፓ መኪናዎች ግን ብዙ ጊዜ 95፣ አንዳንዶቹም 98 ይጠይቃሉ።

ምርጫው ማደያው ላይ አይደለም

በሌሎች ሀገራት አሽከርካሪ ከማደያው ቆሞ 91፣ 95 ወይም 98 ብሎ ይመርጣል። በእኛ ሀገር ግን መንግሥት በሚያወጣው የዋጋ ዝርዝር ላይ ቤንዚን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ነዳጁን ከውጭ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሰናል። ስለዚህ ለእኛ የኦክቴን ምርጫ የሚደረገው ነዳጅ ሲቀዳ ሳይኾን ተሽከርካሪ ሲገዛ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን እና የሞተሩን ድምጽ እንደሚመረምር ሁሉ የነዳጅ መክደኛውንም ከፍቶ ማንበብ ይገባዋል። 98 የሚጠይቅ መኪና በርካሽ ቢገኝ እንኳን ኋላ የሚያስከፍለው ብዙ ሊኾን ይችላል።

ከፍተኛ ኦክቴን የሚጠይቅ መኪና ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም። አዳዲስ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚሰማ መቆጣጠሪያ ስላላቸው የብልጭታውን ጊዜ በራሳቸው ያዘገያሉ፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ሊጨምር ይችላል። አሽከርካሪው ከመጠን በላይ ባለመጫን፣ በዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ በመቀነስ እና የራዲያተሩን ጤንነት በመጠበቅ ሊያግዘው ይችላል።

የጣና ዳር ከፍታ ጥቅሙ እና ገደቡ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ስለሚሳሳ የእመቃው ግፊት እና ሙቀትም ይቀንሳል፤ ሞተሩ የማንኳኳት ዕድሉ ይቀንሳል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ከሌላው አካባቢ ዝቅ ያለ ኦክቴን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ካርቡራተር ያላቸው ነባር መኪናዎች በደጋ በመደበኛ ቤንዚን ያለ ችግር የሚሠሩትም አንድም በዚህ ነው።

ይህ ጥቅም ግን ሁሉንም አያካትትም። ተርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር መልሶ ስለሚያምቀው የከፍታው ጥቅም ይቀንስበታል። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በደጀን እና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ የሚያቋርጥ ተሽከርካሪም ሁኔታው ይለወጥበታል። በበረሃው አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ከዚያ ጭነት ይዞ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይጠብቀዋል። በባሕር ዳር አስፓልት ላይ ዝም ያለ ሞተር በዓባይ ዳገት ማንኳኳት ቢጀምር የነዳጁ ድክመት ወይም የብልጭታ ጊዜው መዛባት የሚጋለጠው በዚያ ነው።

ትልቁ አደጋ መቀላቀል ነው

ለአብዛኛው ተጠቃሚ ከኦክቴን ቁጥር ይልቅ የሚያሰጋው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። በብዛት የሚቀላቀለው ኬሮሲን ማለትም ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ነው፤ ናፍጣ እና ውኃም ይገባሉ። ኬሮሲን ኦክቴኑ በጣም ዝቅተኛ ስለኾነ ጥቂቱ እንኳን ቤንዚኑን ያበላሻል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በማርሚታው ጭስ ይወጣል፤ ያልተቃጠለው ቅሪት ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ኬሮሲን ርካሽ በኾነበት ሀገር ሁሉ ከሌላ ነዳጅ ጋር የመቀላቀል ፈተና አለ። በሀገራችን የኬሮሲን ዋጋ ከናፍጣ ጋር እኩል መደረጉ ይህን ፈተና ይቀንሳል። ለአብነት በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው ማስተካከያ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሲኾን ነጭ ናፍጣ እና ኬሮሲን እኩል 90 ብር ከ28 ሳንቲም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በማደያ ዋጋ ልዩነቱ አንድ ብር እንኳን አይሞላም ነበር። ነገር ግን ቤንዚን ጠፍቶ በመንገድ ዳር ከመደበኛው ዋጋ በላይ ሲሸጥ ስሌቱ ይገለበጣል፤ አንዱን ሊትር በርካሽ ፈሳሽ ማብዛት ዳግም ትርፍ ያመጣል። እጥረት ባለበት ጊዜ ከጀሪካን የሚገዛ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

አደጋው በተሽከርካሪ ላይ ብቻ አይቆምም። ኬሮሲን በእሳት የሚያያዝ ትነት ለመስጠት ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። በመኾኑም ቤንዚን የነካው ጀሪካን ላምባ ተቀድቶበት ለፋኖስ፣ ለኩራዝ ወይም ለምድጃ ሲውል ሊፈነዳ ይችላል። የቤንዚን እና የላምባ ዕቃ ፈጽሞ መለዋወጥ የለበትም።

በቤት የሚደረግ ቀላል ፍተሻ

የመጀመሪያው የወረቀት ፍተሻ ነው። ከእሳት እና ከሲጋራ ርቆ፣ በደጅ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን ማንጠብ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። የቅባት ምልክት ከቀረ ኬሮሲን ወይም ናፍጣ መቀላቀሉን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የብርጭቆ ፍተሻ ነው። ናሙናውን በንጹሕ ግልጽ ጠርሙስ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ ደለል እና ቆሻሻም ይዘቅጣል። ቤንዚኑ ጭጋጋማ ከኾነም ውኃ አለበት ማለት ሊኾን ይችላል።

እነዚህ ጥርጣሬን የሚያነሱ እንጂ የቤተ ሙከራ ውጤትን የሚተኩ አይደሉም። ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል፤ ቀለም በማቅለሚያ ሊመጣ ይችላልና።

ናፍጣ ወይም የተበላሸ ነዳጅ በስህተት ከተቀዳ ሞተሩን ማስነሳት አይገባም። ቁልፉን ሳይነኩ ገፍቶ ወደ ጥግ ማውጣት፣ ሰልባትዮውን በባለሙያ ማስጠረግ እና ፊልትሮውን መቀየር ይሻላል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ለመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች

በፎገራ፣ በደራ፣ በደምቢያ እና በባሕር ዳር ዙሪያ በውኃ መሳቢያ ሞተር የሚያለማ አርሶ አደር የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቤንዚን እንደ እህል በጎተራ አይከርምም። ወራት ሲያስቆጥር ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፣ ቀሪው እየጓጎለ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳዎች ይዘጋል። በሰኔ ተቀምጦ በጥቅምት አልነሳ የሚል ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ክረምት ሲገባ የነዳጅ መዝጊያውን ዘግቶ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ በሰልባትዮው የቀረውንም መቅዳት ነው።

ቤንዚን ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ፣ መክደኛው በሚገጥም ዕቃ፣ ከመኝታ ቤት እና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። የሞቀ ሞተር ላይ መቅዳት ለቃጠሎ ይዳርጋል። ሞተሩን በወንዝ ወይም በጣና ዳር አቁሞ ማጠብ፣ ነዳጅ መቅዳትና ዘይት መቀየርም ሰው እና ከብት የሚጠጡትን፣ ዓሣ የሚረባበትን ውኃ ይበክላል።

ተጠቃሚው ምን ማድረግ ይችላል?

ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲኾን መወሰኑ ለተጠቃሚው አንድ ጥቅም ሰጥቶታል። መቼ፣ የት እና ስንት እንደተቀዳ የሚያሳይ ማስረጃ በእጅ ስልኩ ይቀራል። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ይህን ማስረጃ እና ግማሽ ሊትር ያህል ናሙና በንጹሕ፣ በተከደነ ጠርሙስ ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኝ የንግድ እና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ከመንገድ ዳር የገዛ ግን ማስረጃም ተጠያቂም የለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ የኾኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ዕድሜ ዋጋው ጨምሯል። መተኪያቸው እየጠበበ ሄዷል። የነዳጅ መክደኛውን ቁጥር ማንበብ፣ አንድ ጠብታ በወረቀት ላይ ማየት እና ክረምት ሲገባ ካርቡራተር ማድረቅ ገንዘብ አይጠይቁም። ሞተር ማደስ ግን የአንድ ባጃጅ ባለቤትን ወይም የአንድ አርሶ አደርን የወራት ገቢ ሊወስድ ይችላል።