ልጆቻችሁ ይጫወቱ፦ በጨዋታ የሚገነባ ልብ

ከአርባ ምንጭ ተነሥታችሁ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ተጉዛችሁ ከሆነ፣ በመንገዱ ዳር የሚገለባበጡና እየጨፈሩ መኪና የሚከተሉ ሕፃናትን አይታችሁ ይሆናል። ቅልጥፍናቸው ያስደንቃል። መኪናው ሲቆም ግን እጃቸውን ይዘረጋሉ።

እስቲ እናስብ። ያው መገለባበጥ በቤት ደጃፍ፣ በአባትና በእናት ፊት ቢሆን በልጁ ልብ ምን ይሠራል? በመንገድ ዳር ያለው ልጅ ዋጋው መንገደኛ በሚሰጠው ብር እንደሚለካ ይማራል፤ ባዶ እጁን የቀረ ዕለት አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በደጃፉ የሚጫወተው ልጅ ግን ትናንት ያቃተውን ዛሬ በመቻሉ ይደሰታል። በራስ መተማመን የሚበቅለው ከዚህ ነው።

ዶርዜ በሽመናዋ የታወቀች ናት። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሙያ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ መልካም ነው። ሆኖም ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፣ ቀኑን ሙሉ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሕፃናት ታሪክም አለ። እጃቸው ሙያ ለመደ፤ የጨዋታ ዕድሜያቸው ግን አለፈ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን ከልጅ መብቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

በከተማ የምንኖረውስ? ልጆቻችንን ሸማ አናሠራቸውም፤ ነገር ግን በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት እናስቀምጣቸዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል።

ጨዋታ ምን ያስተምራል?

ሐቀኝነት፦ በድብብቆሽ ዐይኑን ጨፍኖ የሚቆጥር ልጅ፣ ማንም ሳያየው አለማጭበርበርን ይለማመዳል። በሰኞ ማክሰኞ መስመር የረገጠች ልጅ «ረግጫለሁ» ብላ በራሷ ስትወጣ እውነትን መረጠች ማለት ነው።

ትዕግሥት፦ በሱዚ ተራ ይጠበቃል። የሚቸኩል ልጅ ለሌላው ቦታ መልቀቅን ይማራል።

ጽናት፦ ገመድ ስትዘል እግሯ የተያዘባት ልጅ እንደገና ትጀምራለች። መውደቅ የነገር ሁሉ ፍጻሜ እንዳልሆነ በሰውነቷ ታውቀዋለች።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1. አብራችሁ ተጫወቱ። አባት ሆይ፣ ከሥራ ስትመለስ ሩብ ሰዓት ኳስ ብታቀብለው ልጅህ ከብዙ ምክር ይልቅ ያንን ያስታውሳል።

2. ጥቂት የሚከብድ ነገር ስጡት። በጣም የቀለለ ያሰለቻል፤ በጣም የከበደ ያስፈራል።

3. ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ጋር አታወዳድሩት። «አንተ ጎበዝ ነህ» ከማለት ይልቅ «ሦስት ጊዜ ወድቀህ ተነሣህ» በሉት፤ ጥረቱን እንዳያችሁለት ያውቃል።

4. ለሴት ልጃችሁም ጊዜ ስጧት። ወንድሟ ሲጫወት እርሷ ብቻ ውኃ የምትቀዳ ከሆነ፣ ሁለቱም ስለ ራሳቸው የተሳሳተ ነገር ይማራሉ።

5. አካል ጉዳተኛ ልጅ ዳር ቆሞ ተመልካች አይሁን። ሕጉን ለውጣችሁ አስገቡት፤ ሌሎቹም ርኅራኄን ይማራሉ።

የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ግርማውን አይረሳም። ከቀርከሃ ተጠልፎ እንደ ዝሆን ከፍ ብሎ ይቆማል። ምስጥ ሥሩን በበላው ቁጥር ግን እያጠረ ይሄዳል። የልጅም ልብ እንዲሁ ነው፤ ፍርሃትና ንቀት ከሥሩ ከበሉት ቁመናው ብቻውን አያጸናውም።

ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን ሲያድሳት ባየው ራእይ (8፥5)፣ አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተሞልተው ነበር። የልጆች ጨዋታ የሰላምና የበረከት ምልክት ከሆነ፣ እኛም በደጃፋችን ቦታ እናዘጋጅለት። ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና ልጆቻችሁን «ምን እንጫወት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።