ለስንት ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይበቃል?

መስከረም ሲጠባ በብዙ ነጋዴ ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘች ልጅ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ወደ አሜሪካ ሄዳ ለመማር ታስባለች፤ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ መላክ እንዳለባትና እያንዳንዱም ማመልከቻ በዶላር የሚከፈልበት መሆኑን ለአባቷ ታስረዳለች። አባትም «ስንት ይበቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅቱ ከጓደኞቿ የሰማችው አንድ አይደለም፤ አንደኛው ሦስት ይበቃል ብሏታል፤ ሌላይቱ ደግሞ ለሃያ ልካ ከአንዱ ብቻ መልካም መልስ ማግኘቷን ነግራታለች። በመጨረሻ አባትና ልጅ ዐሥር በሚለው ላይ ይስማማሉ፤ ዐሥር የተመረጠበትም ምክንያት ሙሉ ቁጥር ከመሆኑ በቀር ሌላ የለውም።

ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ስንት ደርዘን ማዘዝ እንዳለበት በዚህ ዓይነት አይወስንም። በዚህኛውም ጉዳይ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል ካለመሆኑም በላይ የልጅቱ አንድ ሙሉ ዓመት በውሳኔው ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በሒሳብ መመርመር ይገባል።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ማመልከቻ የሚቀበሉት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 125 ዶላር ይደርሳል። ይኸውም ገንዘብ አመልካቹ ቢገባም ባይገባም አይመለስም። አንዱ በአማካይ 90 ዶላር ነው ቢባል፣ ስድስት ማመልከቻ 540 ዶላር፣ ዐሥራ ሁለት ማመልከቻ 1,080 ዶላር ይፈጃል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበርና ስድስቱ ማመልከቻ ወደ 31,000 ብር ይጠጋ ነበር፤ ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ግን ያው ስድስቱ ከ54,000 ብር በላይ ሆነዋል። ክፍያውም በኢንተርኔት በዓለም አቀፍ ካርድ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ብሩ ተገኝቶ መክፈያው የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ይህም ለአስመጪዎች አዲስ ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ የፈተና ወጪ ይጨመራል። ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት ውጤቱን በፈተናው ዕለት ለተመረጡ አራት ትምህርት ቤቶች ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይልካል፤ ከአራቱ በላይ ለሚሆነው ግን በእያንዳንዱ ያስከፍላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ ይህን ፈተና መጠየቅ የተዉ የትምህርት ክፍሎች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ለፈተናው ከመክፈል አስቀድሞ የታሰቡት ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። እንደዚሁም ምክንያታቸውን ገልጸው ለሚጠይቁ ችግረኛ አመልካቾች የማመልከቻውን ዋጋ የሚምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ጥያቄው ግን መቅረብ ያለበት ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ነው። ከቪዛ ጋር የተያያዙት ክፍያዎች፣ ማለትም 350 ዶላር የተማሪ መመዝገቢያና 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ፣ የሚከፈሉት ትምህርት ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ስለ ሆነ በማመልከቻው ብዛት አይባዙም።

ወጪው ይህን ከመሰለ ጥቅሙ ደግሞ እንዴት ይለካል? ለስሌቱ ያህል እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአምስት አመልካቾች አንዱን ይቀበላል፤ የአንዱም ውሳኔ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም እንበል። በዚህ ሒሳብ ለአራት ትምህርት ቤቶች ያመለከተች ልጅ ቢያንስ ከአንዱ መልካም መልስ የማግኘት ዕድሏ ከመቶ 59 ነው። ለስድስት ብትልክ 74፣ ለስምንት ብትልክ 83፣ ለዐሥራ ሁለት ብትልክ 93 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አራት ማመልከቻዎች ከምንም ተነሥተው 59 ነጥብ ሲያመጡ፣ የመጨረሻዎቹ አራት በዚያው ዋጋ የጨመሩት ዐሥር ነጥብ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የትምህርት ቤቱ ዓይነት የሚያመጣው ልዩነት ነው። ስማቸው በዓለም ከታወቀው፣ ከሃያ አመልካቾች አንዱን ብቻ ከሚወስዱት ትምህርት ቤቶች ለዐሥራ ሁለቱ ብታመለክት ዕድሏ ከመቶ 46 ብቻ ነው፤ ይኸውም ከግማሽ ያነሰ ነው። ከሁለት አመልካቾች አንዱን ለሚቀበሉ ለሦስት ትምህርት ቤቶች ብታመለክት ግን ዕድሏ ከመቶ 87 በላይ ይሆናል። ዐሥራ ሁለቱ 1,080 ዶላር ሲያስወጡ ሦስቱ 270 ዶላር ያስወጣሉ። እንግዲህ «ስንት» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የትኞቹ» የሚለው ሊመለስ ይገባል።

ይሁን እንጂ ከላይ የተደረገው ስሌት ከእውነተኛው ሁኔታ ይልቅ ተስፋ የበዛበት ነው። የትምህርት ቤቶቹ ውሳኔ አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም መባሉ ለሒሳብ እንዲመች ነው እንጂ እውነቱ እንደዚህ አይደለም። ቡና ላኪ ከአንድ ክምር ያወጣውን ናሙና ለዐሥር ገዢዎች ቢልክና ቡናው የሻጋታ ሽታ ቢኖረው፣ አንዱ በሐምቡርግ ሌላው በጄዳ ቢሆንም ዐሥሩም ይመልሱታል፤ ለዐሥራ አንደኛው መላክም ሽታውን አያጠፋውም። የልጅቱ ማመልከቻም እንደዚሁ ነው። የትምህርት ውጤቷ፣ የመምህሮቿ ደብዳቤና ስለ ዓላማዋ የጻፈችው መግለጫ ወደ ሁሉም የሚሄድ አንድ ናሙና ነው። መግለጫው ደካማ ከሆነ በሁሉም ዘንድ ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት ለሃያ ትምህርት ቤት ልከው ከሃያው ሁሉ «አዝናለሁ» የሚል መልስ የሚያገኙ ወጣቶች አሉ፤ ዕድላቸው ጠምሞ ሳይሆን ሃያ ጊዜ የተመዘነው ያው አንዱ ናሙና ስለ ሆነ ነው።

ከናሙናው ውጭ ያለ የጋራ አደጋም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ በታሪክ፣ በቋንቋና በመሳሰሉት ዘርፎች የሚገኙ ብዙ የአሜሪካ የትምህርት ክፍሎች ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ የዶክትሬት ተማሪ አንቀበልም ብለው ነበር። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የምርምር ገንዘብ በመቀነሱ የሚቀበሉትን የተማሪ ቁጥር ያሳነሱ፣ ሰጥተውት የነበረውንም የመግቢያ ፈቃድ እስከ መሰረዝ የደረሱ ዩኒቨርሲቲዎች ታይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ አገር ያሉትን ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ስለሚመታ፣ ከስምንት ወደ ዐሥራ ስድስት ከፍ ማለት ብዙም አይጠቅምም። የቪዛውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የመግቢያ ፈቃዱ ዐሥር ቢሆንም በቆንስላው መስኮት ፊት የምትቆመው አንዲት አመልካች ናት።

ስለዚህ አደጋን ማከፋፈል የፈለገ ቤተሰብ ከአሜሪካው ቁጥር ሁለቱን ቀንሶ ወደ ሌላ አገር ቢያዞር የተሻለ ነው። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዋጋ አያስከፍሉም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ማመልከቻዎችን የሚመረምሩት ዩኒ አሲስት በሚባል የጋራ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ ዋጋውም ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 75 ዩሮ፣ በዚያው ወቅት ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆነውን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጡን ማስረዳት አለበት፤ በ2024 የተወሰነው መጠን 11,904 ዩሮ ነው።

ገንዘብ ከተነሣ ዘንድ አስመጪዎች በቀላሉ የሚረዱት አንድ ልዩነት አለ። የመግቢያ ፈቃድ ማለት ፕሮፎርማ ነው እንጂ ኤልሲ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው «ተቀብለንሻል» ቢል፣ የትምህርቱን ዋጋና መኖሪያውን ማን እንደሚከፍል ካልተገለጸ ነገሩ አላለቀም፤ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠውም ቢያንስ ለአንደኛው ዓመት የሚበቃ ገንዘብ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። በብዙ የታወቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የዓመቱ የትምህርት ዋጋ ብቻውን ከ50,000 ዶላር ይበልጣል። በተፈጥሮ ሳይንስና በምሕንድስና ለዶክትሬት የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ የረዳት አስተማሪነት ወይም የረዳት ተመራማሪነት ሥራ ይሰጣቸዋል፤ የትምህርቱ ዋጋ ይሸፈንላቸዋል፤ የወር አበልም ይቀበላሉ። ለማስተርስ የሚገቡት ግን ብዙዎቹ ከራሳቸው ኪስ ይከፍላሉ። ስለሆነም ለማስተርስ የምታመለክት ልጅ ድጋፍ የማይሰጥን፣ ቤተሰቡም ሊከፍልለት የማይችለውን ትምህርት ቤት በዝርዝሯ ብታስገባ፣ ያ ማመልከቻ ቢሳካ እንኳ የሚሰጠው ጥቅም የለም። እንዲህ ያለውን ስም አስቀድሞ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ዝርዝሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ ደግሞ እንደ ዲግሪው ይለያያል። የዶክትሬት ተማሪን የሚመርጡት የትምህርት ክፍሉ ፕሮፌሰሮች ራሳቸው ናቸው፤ የሚፈልጉትም ከነሱ ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ለምሳሌ የውሃ ኬሚስትሪ ለማጥናት የምትፈልግ ልጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጉዳይ የሚመራመሩ ቢያንስ ሁለት ፕሮፌሰሮች ካላገኘች፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የቱን ያህል ቢገን ልትልክለት አይገባም። ሁለት የተባለውም በምክንያት ነው፤ አንዱ ጡረታ ሊወጣ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ወይም በዚያ ዓመት አዲስ ተማሪ ላይፈልግ ይችላል። በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ላኪ የሚደርስበትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በዚህ መስፈርት ፍለጋ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ስሞች ከዐሥራ ሁለት አይበልጡም፤ ከነሱም ውስጥ አንዳንዶቹ ብዙ ያልተወራላቸው የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ይሆናሉ። አባቶች ስሙን ሰምተውት ስለማያውቁ ብቻ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት መናቃቸው የተለመደ ስሕተት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ቁጥሩን የሚወስነው ግን የሰው ጉልበት ነው። ትምህርት ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ መምህራኑም ደብዳቤውን በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የኢንተርኔት ገጽ ለየብቻ ማስገባት አለባቸው። ዐሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ማለት ሠላሳ ስድስት ጊዜ ደብዳቤ ማስገባት ነው። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀበት፣ የፈተና ወረቀት በጠረጴዛው ላይ የተከመረበት መምህር ለአምስቱ በደስታ ይጽፋል፤ ለዐሥረኛው ሲደርስ ግን ይዘገያል፤ የሚጽፈውም ይሳሳል። የማመልከቻው መጨረሻ ቀን በአሜሪካ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ማለት ከኅዳር 22 ገደማ እስከ ጥር 7 ድረስ ነው። ሥራዋን በመስከረም የጀመረች ልጅ ያላት ጊዜ ሦስት ወር ያህል ነው። የዓላማዋን መግለጫ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሚገባ አስተካክላ ለመጻፍ አንድ ሳምንት ከግማሽ ቢፈጅባት፣ በሦስቱ ወር ውስጥ ስምንት ትጨርሳለች። ዘጠነኛውና ዐሥረኛው የስምንተኛው ግልባጭ ይሆናሉ፤ ግልባጭ መሆናቸውንም አንባቢው ፕሮፌሰር ወዲያው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ፣ ለዶክትሬት የምታመለክት ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ብትልክ በቂ ነው፤ ከነሱም ሁለቱ ከፍ ያሉ፣ ሦስቱ ወይም አራቱ ከውጤቷ ጋር የሚመጣጠኑ፣ የቀሩት ደግሞ ሊቀበሏት የሚችሉና እሷም በደስታ ልትማርባቸው የምትችል ቢሆኑ መልካም ነው። የዚህ የመጨረሻው ሐረግ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ቢቀበላትም የማትሄድበት ትምህርት ቤት መጠባበቂያ ሊባል አይችልም። ለማስተርስ ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል። ውጤቷ መካከለኛ የሆነች ልጅ ቁጥሩን ከመጨመር ይልቅ የሚያስመርቅ ሥራ ብትይዝ፣ አንድ ዓመት በምርምር ረዳትነት ብትሠራና ናሙናውን ብታሻሽል፣ የሚቀጥለው ዓመት ስድስት ማመልከቻ ከዘንድሮው ሃያ ይበልጥባታል። ለዚህም ሲባል ለማመልከቻ ከተመደበው ገንዘብ ጥቂቱን ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀረት ይጠቅማል።

መልሱ የሚመጣው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ባወጣው ስምምነት መሠረት፣ የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ የሰጡትን አመልካች ከኤፕሪል 15፣ ማለት ከሚያዝያ 7 በፊት ቍርጥ መልስ ስጥ ብለው ሊያስገድዱት አይገባም። በዚህ መካከል ከአንድ በላይ ፈቃድ በእጇ የገባ ልጅ የማትፈልገውን ወዲያው ብትመልስ፣ ያ ቦታ በተጠባባቂነት ለተመዘገበ ለሌላ አመልካች ይሰጣል። ለመመለስ የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ደብዳቤ ብቻ ሲሆን፣ የሚከፈልበትም ነገር የለም።