እውነት ወይስ ተረት? እህል የሌለበት ቢስኬት በታንክስጊቪንግ ገበታ

የአሜሪካኖቹ ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እንዲውል በሕግ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በአትላንታና በሲያትል ያሉ የሐበሻ ቤቶችም ከተርኪው ጎን ዶሮ ወጥ አቅርበው ያከብሩታል። ከገበታው የማይጠፋው ሌላው ነገር ቢስኬት ነው፤ ሻይ ውስጥ የሚነከረው ጣፋጭ ብስኩት ሳይሆን ቅቤ የገባበት፣ ያለ እርሾ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ ጨው ጨው የሚል ትንሽ ለስላሳ ዳቦ። ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከእንግዶቹ መካከል «እኔ እህል ትቻለሁ» የሚል አይጠፋም። አንዱን ሐኪም ከልክሎታል፣ አንዷ ስኳሯን እየተቆጣጠረች ነው፣ ሌላው ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያየውን አምኗል። ባለቤቲቱ ቢስኬቱን በምን ልጋግረው ብላ ስትጠይቅ ምክሩ ይጎርፍላታል። ከምክሩ የሚበዛው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው።

«ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በጤፍ ጋግሪው»

ጤፍ ግሉተን እንደሌለው እውነት ነው። ግን ግሉተን የማይበላ ሰውና እህል የማይበላ ሰው የሚፈልጉት ለየቅል ነው። ግሉተን ያለው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ነው። ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ከግሉተን ነፃ ቢሆኑም የብርዕና የአገዳ እህል ከመሆን አይወጡም። እህል ለተወ እንግዳ የሚሆነው እንደ አልመንድ፣ ኮኮናት፣ ካሳቫ፣ ቡላ ያለው ነው። ሽምብራም ጥራጥሬ እንጂ የብርዕ እህል አይደለም፤ ሆኖም እህል የሚተዉ አንዳንድ ሰዎች ጥራጥሬንም አብረው ይተዋሉ። ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ስልክ አንስቶ «የምትተዪው የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ «የጤፍ» ተብሎ በሚሸጥ እንጀራ ውስጥ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚያስነሣው በሽታ ያለበት እንግዳ ካለ ሻጩን ሳይጠይቁ እንጀራውን ማቅረብ አይገባም።

«ግሉተን ከሌለ አይነፋም»

ለዳቦ ከተባለ ያስኬዳል። የድፎ ዳቦ ሊጥ እርሾው የሚያወጣውን አየር ለሰዓታት አፍኖ የሚይዘው በግሉተን ነው፤ ሊጡ በደንብ የሚታሸውም ለዚሁ ነው። በቢስኬት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቢስኬትን ባህላቸው ያደረጉት የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጋጋሪዎች የሚሸሹት ግሉተንን ነው። ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ ከለስላሳ ስንዴ የተፈጨ ዱቄት ይመርጣሉ፤ ሊጡንም በጣት ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ይተዉታል እንጂ አያሹትም። ያሸ ሰው ቢስኬቱ ጎማ ይሆንበታል።

የሚያነፋው ሌላ ነገር ነው፦ ሶዳው ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚለቀው ጋዝ፣ በሊጡ ውስጥ ተበታትኖ ካለው ቀዝቃዛ ቅቤ የሚወጣውም እንፋሎት። ለሁለቱም ስንዴ አያስፈልግም። የጎደለው የተነፋውን የሚይዝ ነገር ብቻ ስለሆነ ያንን እንቁላልና ትንሽ ስታርች ይሸፍኑታል። እህል ሳይገባባቸው ከሚጋገሩ የዳቦ ዓይነቶች ሁሉ ቢስኬት በጣም ትንሹን የሚያጣ ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። እህል የሌለበት ድፎ ለመጋገር የሚደክሙ ሰዎችን ሳይ ድካማቸው ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም፦ የአልመንድ ቢስኬት እንደ ስንዴው ሽቅብ አያድግም። ሊጡን አሳስቶ ዳምጦ ኦቨን ውስጥ ያድጋል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ የሚፈለገው ውፍረት ከመግባቱ በፊት መኖር አለበት። ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ጥሩ ነው።

«በስንዴው ልክ መስፈር ነው»

ብዙ ትሪ ወደ ቆሻሻ የሚሄደው በዚህ ምክር ነው። የአልመንድ ዱቄት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ የስንዴውን ቅቤ እንዳለ የጨመረ ሰው በዘይት የራሰ ትሪ ያወጣል። የኮኮናት ዱቄት ደግሞ ውሃ የሚጠጣ አሸዋ ነው። በስንዴው ልክ ከገባ እንቁላሉንም ወተቱንም መጥጦ ይፈረፈራል፤ ከስንዴው ሩብ ወይም ሲሶ ብቻ ይበቃል፣ እንቁላሉም መጨመር አለበት። በባሕርዩ ለስንዴ የሚቀርበው የካሳቫ ዱቄት ነው፤ እሱም ቢሆን ታፒዮካ ከሚባለው ስታርች ጋር መምታታት የለበትም። ካሳቫ ዱቄት ሥሩ ሙሉውን የተፈጨ ሲሆን ታፒዮካ ከሥሩ የወጣ ስታርች ብቻ ነው።

የሚሠራ ልክ ልስጥ። 250 ግራም የአልመንድ ዱቄት፣ ልጣጩ ተነሥቶ የደቀቀውን፤ 40 ግራም ታፒዮካ ወይም ቡላ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ደረቁን አንድ ላይ ነፍቶ፣ ከፍሪጅ የወጣ 60 ግራም ለጋ ቅቤ በትንንሹ ቆርጦ በጣት ጫፍ ማፍተልተል፣ ቅቤው የሽምብራ ፍሬ እስኪያክል ብቻ። ከዚያ ሁለት እንቁላል ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር መትቶ ማዋሃድ። ጥቁር አዝሙድ ነስነስ ቢደረግበት ያምርበታል። ሊጡ ከእጅ ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ ዱቄት መጨመር ሳይሆን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ነው መፍትሔው። ግሉተን ስለሌለው ቢያሹት አይጠነክርም፤ የእጅ ሙቀት ግን ቅባቱን ስለሚያወጣው ብዙ መነካካትን አይወድም።

እሳቱም ይለያል። የስንዴ ቢስኬት በ220 ወይም በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጋገራል፤ አልመንድ በዚያ ሙቀት ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። በ175 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ከወጣም በኋላ ወዲያው ከትሪው ማንሣት አያስፈልግም፤ ትኩስ እያለ ይፈርሳል፣ 10 ደቂቃ ሲያርፍ ግን ይጠነክራል።

«ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ምን እህል አለበት?»

አለበት። በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው አብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር የበቆሎ ስታርች አለው፤ ስታርቹ እርጥበት እየመጠጠ ሶዳውና አሲዱ ጣሳው ውስጥ ቀድመው እንዳይገናኙ ይጠብቃል። ግሉተን ብቻ ለሚተው ሰው ችግር የለውም። እህል ፈጽሞ ለተወ ሰው ግን ቢስኬቱ በቆሎ አለበት ማለት ነው። ከላይ በሶዳና በሎሚ የሠራሁትም ለዚህ ነው። ፓውደሩን ቤት ማዘጋጀት የሚፈልግ አንድ እጅ ሶዳ ከሁለት እጅ ክሬም ኦፍ ታርታር ጋር ቀላቅሎ የዚያኑ ዕለት ይጠቀምበት። ሶዳውን «እንዲነፋልኝ» ብሎ ማብዛት የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

አይሁድ በሚበዙበት ሰፈር ለፋሲካቸው በድንች ስታርች የተሠራ ቤኪንግ ፓውደር ይገኛል፤ እሱም ያገለግላል። ሆኖም «ለፋሲካ የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ እህል የለበትም ማለት አይደለም። የፋሲካው ቂጣ፣ ማጻው ራሱ፣ በብዛት የሚሠራው ከስንዴ ነው፤ የተከለከለው የቦካው ነው።

«ንጥር ቅቤ ከገባበት ይበልጣል»

ጣዕሙን ማንም አይክደውም። ሊጡ ውስጥ ግን ቦታው አይደለም። አሜሪካ የሚሸጠው ለጋ ቅቤ 80 ከመቶ ቅባት ሆኖ ከቀሪው የሚበዛው ውሃ ነው፤ ኦቨን ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ቢስኬቱን የሚያላላው ያ ውሃ ነው። ቅቤ ሲነጠር ደግሞ ዋናው ሥራ ውሃውን አትንኖ መጨረስ ነው። በንጥር ቅቤ የተለወሰ የአልመንድ ሊጥ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ቂጣ ይሆናል። ቢስኬቱ ከኦቨን እንደወጣ ላዩን በቀለጠ ንጥር ቅቤ መቀባት ግን ሌላ ነው፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሙቀቱ ሲነካቸው ቤቱ ይታወዳል። በዚህ አሠራር የሚጎድል ነገር የለም።

«ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሻግቷል!»

አልመንድ የማይስማማው እንግዳ ካለ በምትኩ የሰንፍላወር ፍሬ ዱቄት በእኩል ልክ ማስገባት ይቻላል። ታዲያ ቢስኬቱ ሲቀዘቅዝ ተቆርሶ ሲታይ ውስጡ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ደማቅ አረንጓዴ። ሻጋታ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ቀለም ነው፤ አይጎዳም። ሎሚውን ጨመር፣ ሶዳውን ቀነስ ማድረግ ያደበዝዘዋል። ልጆች ካሉ ግን ባይደበዝዝ ይሻላል፤ ትሪው ቶሎ ባዶ ይሆናል።

«ጾም ከገባ ይህ ሁሉ አይሆንም፤ ደግሞስ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው»

ታንክስጊቪንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ነው። ስለዚህ በዓሉ በአብዛኞቹ ዓመታት ጾሙ ውስጥ ይወድቃል፦ በ2026 ከገባ በሦስተኛው ቀን፣ በ2027 ደግሞ በገባበት ዕለት። ለጿሚ ቅቤና እንቁላል ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጦ 10 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው፤ ሲወፍር ይይዛል። በቅቤው ፋንታ ፍሪጅ ውስጥ የረጋ የኮኮናት ዘይት ይገባል። ከፍስኩ ከበድ ይላል፤ አልክድም።

የፈረንጅ ፈሊጥ ነው ለሚለው ግን መልሱ የሽምብራ ዓሳ ነው። የሽምብራ ዱቄት በዘይት፣ በጨውና በቅመም ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ ይዳመጣል፣ በዓሳ ቅርጽ ይቆረጣል፣ በዘይት ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ይገባል። ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን የቀመሰ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፦ እህል የሌለበት፣ ጨው ያለው፣ የጾም ብስኩት ነው። በዘይት መጥበሱን የማይፈልግ ያንኑ ሊጥ ቀጠን አድርጎ ዳምጦ ኦቨን ውስጥ ይጋግረው። ለስላሳ አይሆንም፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ነው፣ ከጎመን ጋር ይሄዳል። ካልተቆላ ሽምብራ የተፈጨው ዱቄት በደንብ ካልበሰለ መረር ስለሚል ሽሮ ለማስፈጨት እንደሚደረገው ተቆልቶ የተፈጨው ይመረጣል፤ እሱ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ውሃው ጨመር ይደረግበታል።

«እህል ከሌለበት ለስኳርም ለክብደትም ለሁሉም ይስማማል»

ክብደት ለሚቆጣጠር ሰው አይረዳም፤ 100 ግራም የአልመንድ ዱቄት ወደ 600 ካሎሪ ሲኖረው ስንዴው ወደ 360 ነው። ለስኳር ነገሩ በዱቄቱ ይወሰናል። ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት 76 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ሲሆን በአልመንድ 20 ያህል ነው፤ ታፒዮካ ግን ከስንዴውም አልፎ 88 ገደማ ይደርሳል። በካሳቫና በታፒዮካ የተጋገረውን «እህል የለበትም» ብሎ ለስኳር ታማሚ እንደልቡ እንዲበላ ማቅረብ ጉዳት አለው። አልመንድ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ከሚያስነሱት ምግቦች አንዱ ነው። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ሰሊጥም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፉ ከሚገደዱት ዋና አለርጂ አምጪዎች ተርታ ገብቷል።

«ትንሽ የስንዴ ዱቄት ቢነካው ኦቨኑ ያቃጥለዋል»

ከሁሉም አደገኛው ተረት ይህ ነው። ስንዴ ሴሊያክ ያለባቸውን ሕፃናት እንደሚጎዳ ያሳየው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነበር፤ የዶክትሬት ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ። ዛሬ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «ከግሉተን ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ የሚፈቅደው ግሉተኑ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች ሲሆን ነው፤ ከአንድ ኪሎ ምግብ 20 ሚሊግራም ማለት ነው። ቤት ውስጥ ዱቄት ሲነፋ በአየር ላይ የሚበተነው ከዚህ በቀላሉ ያልፋል፤ የኦቨን ሙቀትም ግሉተንን አያጠፋውም። ስለዚህ ለሴሊያክ እንግዳ የሚሆነው ቢስኬት የስንዴው ከረጢት ከመከፈቱ በፊት፣ በታጠበ ዕቃ፣ አዲስ የብራና ወረቀት ተነጥፎበት፣ ቀድሞ ይጋገራል። የተቦጫጨረ የእንጨት መዳመጫና ስንዴ የሚነፋበት ወንፊት አይነካውም።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀው ሲጨርሱ ደግሞ ግሬቪው አለ። ከተርኪው የወረደው መረቅ በአብዛኛው ቤት የሚወፍረው በስንዴ ዱቄት ነው፣ ተርኪውም ሆዱ ውስጥ የዳቦ ስተፊንግ ከተጠቀጠቀበት መረቁ አስቀድሞ ተነካክቷል። ስተፊንጉ ለብቻው በሌላ ትሪ ይጋገር። መረቁን ለማወፈር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ታፒዮካ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል እያማሰሉ መጨመር ነው፤ ብዙ ከፈላ ይልጋል።