ደም ማነስ እያለብኝ ደም ብዛት ከየት መጣ?

እህቴ ከአሜሪካ በሰው እጅ ከላከቻቸው ዕቃዎች ሁሉ እናቴ ልብ ውስጥ የገባው የደም ግፊት መለኪያው ነው። ሹራቡ ቁምሣጥን ገባ፤ ሽቶው ለክት ተባለ፤ መለኪያው ግን ረከቦቱ አጠገብ የራሱ ቦታ ተሰጠው። አቦል ሲቀዳ ጎረቤቶች ተራ በተራ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ ጨርቁ ክንዳቸው ላይ ይጠመጠማል፤ ማሽኑ እያጉረመረመ ይነፋና ቁጥር ያወጣል። ጨዋታው ለአፍታም አይቋረጥም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ጎረቤታችን ላይ 168 በ102 ወጣ።

«ይኼ ዕቃ ተበላሽቷል» አሉ ጨርቁን እየፈቱ። «እኔ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን የምውጥ ሰው ነኝ። ደም ብዛት ከየት ይመጣብኛል?»

ማንም መልስ አልነበረውም። እውነትም ግራ ያጋባል፤ ማነስና ብዛት እንዴት አንድ ገላ ውስጥ ያድራሉ?

ያድራሉ። ያሳሳተን ስሙ ነው። ደም ማነስ ማለት ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጎደለ ማለት ነው፤ የደሙ ይዘት ላይ ያለ ጉድለት ነው። «ደም ብዛት» የምንለው ደግሞ ደሙ የሚያልፍበትን ሥር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጉልበት ከልክ ማለፉ ነው። በቧንቧችን የሚመጣው ውሃ ድፍርስ ነው ወይስ ኩልል ያለ ነው የሚለው ጥያቄና፣ ሌሊት በፈረቃ ሲለቀቅ ቧንቧውን የሚያንቀጠቅጥበት ኃይል ለየብቻ ናቸው። የቀጠነ ደም በኃይል ሊገፋ ይችላል። «ግፊት» የሚለው የሐኪም ቤቱ ስም ከሠፈሩ ስም የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ግፊቱን መጀመሪያ ለክቶ የጻፈው ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አንዲት ባዝራ ከነሕይወቷ አስሮ አስተኝቶ የእግሯን ደም ቅዳ ሥር ከፈተ፤ የናስ ቱቦ አስገባበትና ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ቀጠለ። ደሙ ቱቦው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ 8 ጫማ ከ3 ኢንች ደረሰ፤ ሁለት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በኛ ቤት ቢሆን ኮርኒሱን ሊነካ ምንም አይቀረው። የሰው ከዚያ ያንሳል፤ ያም ሆኖ ላይኛው ቁጥሩ 120 የሆነ ጤነኛ ሰው ደሙ እንዲህ ባለ ቱቦ ቢለቀቅ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣ ነበር። መለኪያው የሚቆጥረው በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሜርኩሪም ከውሃ 13.6 እጥፍ ስለሚከብድ፣ ያ ሁሉ ከፍታ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 120 የሚባለው እሱ ነው።

ሥር ሳይከፍቱ መለካት የቀለለው ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ ላይ የሚነፋ ማሰሪያ ከሠራ በኋላ ነው። እሱ ግን የእጅ አንጓ ላይ የልብ ትርታ በጣት እየዳሰሰ ላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያገኘው። ታችኛውን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ወጣት የሩሲያ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማዳመጫውን ከማሰሪያው ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ አሳርፎ ጆሮውን መስጠት ነው።

የሰማውን ለመረዳት የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይበቃል። ውሃው እየሄደ ጎማውን ጥርቅም አድርጋችሁ ርገጡት፤ ውሃው ይቆማል፣ ድምፅም የለም። እግራችሁን ትንሽ ላላ ስታደርጉ በጠባቡ ቀዳዳ ሾልኮ እየተንፏፏ ያልፋል። ጨርሳችሁ ስታነሡት መልሶ ጸጥ ይላል። ክንድ ላይም እንዲሁ ነው። ጨርቁ ተነፍቶ ሥሩን ሲዘጋው ዝምታ ነው። አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ፣ ልብ ተጨምቆ ደሙን በረጨ ቁጥር ጥቂቱ ጥሶ ያልፍና «ጧ» ይላል፤ የመጀመሪያው «ጧ» የተሰማበት ቁጥር ላይኛው ነው። ድምፁ የጠፋበት፣ ማለትም ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት እንኳ ሥሩ ሳይጨፈለቅ የቀረበት ቁጥር ደግሞ ታችኛው።

የእናቴ ማሽን ጆሮ የለውም። ደሙ ሲያልፍ ጨርቁ ውስጥ ያለው አየር ላይ የሚፈጥረውን ንዝረት ነው የሚያነበው። ንዝረቱ የት ላይ እንደሚበረታ ያይና ላይኛውንና ታችኛውን ፋብሪካው በሞላለት ቀመር ያሰላል። ስለዚህ ሰውየው ክንዱን ካወዛወዘ ንዝረት በንዝረት ላይ ይጨመርበታል፤ ማሽኑ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። የተቀመጡት በርጩማ ላይ ነው፤ ጀርባቸው ድጋፍ የለውም። ቡና ጠጥተዋል። ደረጃ ወጥተው ከመጡ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም። ክንዳቸው ወደ ጉልበታቸው ተንጠልጥሏል፤ ክንድ ከልብ በታች በወረደ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የደሙ ክብደት ብቻውን ወደ 8 የሚጠጋ ቁጥር ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ እድሩ ገንዘብ ያዥ እያወሩ ነበር። ማውራት በራሱ ቁጥሩን ያወጣዋል፤ ስለ ገንዘብ ያዥ ማውራት ምን ያህል እንደሚያወጣው ግምቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

መደገፊያ ባለው ወንበር አስቀመጥናቸው። ሽንት ቤት ደርሰው መጡ (የተወጠረ ፊኛም ግፊት ይጨምራል)። እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም አሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ከበዳቸው። ጨርቁን ሹራብ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ አሠርነው። በደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ስንለካ 154 በ96፣ ከዚያ 152 በ94 ሆነ። ወርዷል፤ ግን አልጠፋም። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር።

ይህ ቁጥር ብቻውን በሽታ አያስብልም። ጤና ጣቢያ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው ሐኪሙ «ግፊት አለብዎት» የሚለው። ቤት ውስጥ ሰው ዘና ስለሚል ወሰኑ 135 በ85 ይሆናል። ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ቁጥሩ የሚዘል ሰው አለ፤ ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤቱ ሲገባ የሚወጣበትም አለ። ከ180 በ120 ካለፈና አብሮት የደረት ውጋት፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ከመጣ ግን ድጋሚ ልለካ የሚባልበት ጊዜ አይደለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ታዲያ ራሴን ለምን አላመመኝም?» የሚለው ጥያቄ ቀጠለ። አብዛኛውን ሰው ስለማያመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አኃዝ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮኑ ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 46 በመቶው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዷ ምት ትርፍ ኃይል ሲመጣ የሥሮቹ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይደድራል፤ የልብ ጡንቻ እንደ ተሸካሚ ክንድ ይፈረጥማል፣ ከዚያም ይደክማል። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ያሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አንድ በአንድ ይሞታሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ሠርግ ይጨፍራል።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ሲለኩ 186 በ108 ነበሩ። ለሕዝቡ ይነገር የነበረው ግን ደህና ናቸው እየተባለ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው ሲሞቱ ግፊታቸው 300 በ190 ደርሶ ነበር። የዓለምን ጦርነት የሚመሩ ሰው ነበሩ፤ መለኪያው ቢኖርም ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚታደለው ዓይነት መድኃኒት አልነበረላቸውም። ያ ነገር የተለወጠው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የነበረ 143 ወንዶች ተከፍለው ገሚሶቹ እውነተኛ መድኃኒት፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ባዶውን ከወሰዱት መካከል 27 ከባድ ጉዳት ተመዘገበ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል 2።

እኔ ምርመራን ሁሉ የማወድስ ሰው አይደለሁም። «ጠቅላላ ምርመራ» እየተባለ በጥቅል ከሚሸጠው ውስጥ ጭንቀት ብቻ ይዞ የሚያስወጣ አይጠፋም። አስቀድሞ መመርመር ትርጉም የሚኖረው በሽታው ድምፅ ሳያሰማ የሚቆይ ሲሆን፣ መመርመሪያው ቀላል ሲሆንና ቀድሞ መታወቁ መጨረሻውን ሲለውጠው ነው። የክንዱ ጨርቅ ሦስቱንም ያሟላል። ሌላ የሚያሟላ ካላችሁኝ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራን እጠራለሁ። አገራችን ውስጥ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ዘዴ ጓዳችን ውስጥ ካለው አቼቶ ጋር ዝምድና አለው፤ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ የማኅፀን በሩ ላይ ሲቀባ የተለወጠው ሥጋ በደቂቃ ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ካንሰር ሳይሆን ተይዞ ይታከማል።

ወደ ጓዳ ከገባን አይቀር ጨው። ትርፍ ጨው ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ሥሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ኩላሊትም ያንን ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እናቴ ይህን ስነግራት «እኔ ወጥ ላይ ጨው አላበዛም» አለች። እውነቷን ነው፤ አታበዛም። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭም ገብቶበታል። ሽሮ ወጥ ስትሠራ በርበሬውን ከሽሮው ጋር አገናኝታ ለማጣፈጫ ትንሽ ጣል ታደርጋለች፤ ከጎኑ ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ እሱም ጨው አለበት። አራት ጊዜ ተጨመረ፤ እሷ ያየችው አንዱን ነው። ጾምም ቢሆን ከዚህ አያድንም፤ ሽሮው ያው ሽሮ ነው። በዚህ ዓመት በርበሬና ሽሮው ያለ ጨው እንዲፈጭ ተስማማን፤ የሚያስፈልገው ድስቱ ላይ እያየች ይጨመራል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ «ተረስቶ ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፦ ብዙውን ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ መጠጥ መቀነስ፣ ሲጋራና ጫት መተው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት መብላት ክፋት የለውም፤ የታዘዘን ኪኒን ግን አይተኩም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ወር ይውጣል፣ ይለካል፣ 128 ይወጣል፣ «ዳንኩ» ብሎ ይተዋል። ዳገት ላይ የቆመ አይሱዙ የማይንሸራተተው ጎማው ሥር ታኮ ስላለ ነው፤ መኪናው ቆሟል ብሎ ታኮውን የሚያነሣ ረዳት የለም።

ጎረቤታችን ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ተለኩ፤ ግፊት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ደም ማነሱም አለ። አሁን አይረኑንና የግፊቱን ኪኒን በአንድ ፌስታል ቋጥረው ነው የሚዞሩት፤ እናቴ ቤት ሲመጡ ፌስታሉን ረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡታል። ስሙን አልተዉትም፤ «ደም ብዛቴን ልለካ» ነው የሚሉት። መለካቱ ግን ከቡናው በፊት ሆኗል፤ ጨርቁ መነፋት ሲጀምር እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤ እድሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግም ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ይቆያሉ።